ክረምት ሳይገባ የቤትን እሳት ስለ ማሰናዳት

በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚባለው ወራት ከሰኔ 26 ቀን አንሥቶ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ያለው ነው። ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን የሚያበጀው፥ የዘሩንም እህል የሚለየው ይህ ወራት ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ ዝናቡ ከወረደ በኋላ ማረሻ ልፈልግ ቢል፥ የጐረቤቱ እርሻ ሲለመልም የእርሱ መሬት ጦሙን ያድራል። የቤት አስተዳደርም ከዚህ አይለይም። በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ግን ክረምት ሲቀርብ የምናስበው ስለ ጃንጥላና ስለ ካፖርት ነው እንጂ በቤታችን ስለሚነደው እሳት አይደለም። ብርዱ በጠና ማታ እርጥብ ማገዶ በውድ ዋጋ እንገዛለን፤ ወይም ፍም የሞላበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተን፥ በሩንና መስኮቱን ዘግተን እንተኛለን። ከእነዚህ ከሁለቱ የፊተኛው ገንዘብ ያጠፋል፤ የኋለኛው ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ የቤት ባለቤትና እመቤት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሊያሰናዱት የሚገባውን ነገር በተራው እንጽፋለን።

የክረምት ብርድ ጠባዩ ልዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች ሌሊቷ በየወራቱ ቀዝቃዛ ነው። በሙቀት መለኪያ ቢታይ ግን እጅግ የሚቀዘቅዘው ሌሊት የኅዳርና የታኅሣሥ እንጂ የሐምሌ አይደለም፤ በሐምሌ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ሆኖም በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነውና ሌሊት የቀዘቀዘውን ግድግዳ የቀን ፀሐይ መልሳ ታሞቀዋለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ፀሐይ በደመና ስለምትሸፈን ቀኑም ከ20 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ልብስ አይደርቅም፥ አልጋ ይረጥባል፥ ግድግዳውም ውሃ ይጠጣል። እርጥብ ልብስና እርጥብ ግድግዳ የሰውነትን ሙቀት ፈጥነው ይወስዳሉ። ከዚህ የተነሣ በክረምት የሚበርደን በአየሩ ብቻ ሳይሆን በእርጥበቱም ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቤቱን ሳያደርቁ እሳት ማብዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነውና።

አባቶቻችን ይኖሩበት በነበረው፥ በገጠርም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው በሚኖርበት የሣር ክዳን ቤት፥ የምድጃው ስፍራ በመካከል ነው። ጢሱ በክዳኑ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ አዲስ አየርም በግድግዳው ስንጥቅና በበሩ ሥር ይገባል። ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል፥ ጣራ ያጠቍራል፥ ሳንባንም ይጐዳል፤ ነገር ግን ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ስለ ሆነ የእሳቱ መርዝ በአንድ ሌሊት እንደ ልቡ አይከማችም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ግን በአዲስ አበባ የቈርቈሮ ክዳን እየተስፋፋ መጣ፤ ከዚያም ኰርኒሱ፥ የሲሚንቶው ግድግዳ፥ የመስተዋቱ መስኮትና የብረቱ በር ተከተሉ። ዛሬ በብሎኬትና በአሉሚኒየም የሚሠራው ቤት ነፋስ የማያስገባ ነው። ቤታችን እንዲህ ሲለወጥ በውስጡ የምናነደው ከሰል ግን አልተለወጠም፤ የጐጆውን እሳት መተንፈሻ ወደሌለው ክፍል አገባነው። የዚህ አደጋ ሥሩ ይህ ነው፤ ከዚህም የሚወጣው ደንብ አንድ ነው። ቤት በጠበቀ መጠን እሳት የራሱ በር ያስፈልገዋል።

ከሰል ጢስ የለውም ስለሚባል ብዙ ሰው ንጹሕ እሳት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባለው ጋዝ ይለወጣል። ፍሙ በማንደጃው ውስጥ ሲቈለልና አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሌላ ጋዝ በብዛት ይወጣል። በፍሙ ራስ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው፤ ነበልባሊቱ ጠፍታ ፍሙ በአመድ ሲሸፈን ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አሁን በሚገባ ተያይዟል፥ ጢሱም ወጥቶለታል» ብሎ ማንደጃውን ወደ ቤት የሚያስገባበት ሰዓት አደጋው ገና ያላለፈበት ሰዓት ነው። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይንን አያቃጥልም፥ ጕሮሮንም አይከረክርም። ሰው በዓይኑም ሆነ በአፍንጫው ሊያውቀው ከቶ አይችልም።

ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. ባሳተመው ትምህርቱ ይህ ጋዝ የሚገድለው በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ በመያዝ እንደ ሆነ ገለጸ። ደማችን ከሳንባ ኦክሲጅን ተቀብሎ ለአካል ሁሉ ያደርሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ከደም ጋራ ይጣበቃል። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቂት እንኳ ቢሆን፥ ሰዓቱ በረዘመ ቍጥር በደም ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ከዚያም ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጕልበት ይከዳል፥ አሳብም ይደናገራል። ነቅቶ ያለ ሰው ይህን ምልክት ለማስተዋል ጊዜ ያገኝ ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ያልፋል። በማሕፀን ያለ ፅንስ፥ ሕፃንና የልብ ሕመምተኛ ከሌላው ይልቅ ፈጥነው ይጐዳሉ።

ይህ የድኻ ቤት አደጋ ብቻ አይምሰለን። ኤሚል ዞላ የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ደራሲ ከገጠር ቤቱ ወደ ፓሪስ በተመለሰበት ሌሊት በመኝታ ቤቱ እሳት ተነዶለት ነበር። የምድጃው የጢስ መውጫ በሚገባ ስላልሳበ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 29 ቀን 1902 ዓ.ም. በዚሁ ጋዝ ታፍኖ ሞተ፤ በዚያው ክፍል የነበረችው ሚስቱ በሐኪሞች ርዳታ ተረፈች። ዞላ ገንዘብ ነበረው፥ አገልጋዮች ነበሩት፥ የጢስ መውጫም ነበረው። መውጫው መኖሩ ብቻ ግን አላዳነውም፤ የሚያድነው ክፍት መሆኑ ነውና። በዓይን የሚታየውም ጢስ ቢሆን ቀላል ጠላት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቤት ውስጥ ማገዶና ሌላም ነገር ሲነድ በሚበከለው አየር ምክንያት እንደ ሞተ ይገምታል። ሞቱ እንደ ከሰሉ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሳንባና በልብ በሽታ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ መሰናዶው የሚከተለው ነው።

አንደኛው ሥራ ቤቱን ማድረቅ ነው። ይህም በሚያዝያና በግንቦት፥ ፀሐይ ሳለች ይፈጸማል። ሠራተኛ ወደ ጣራው ወጥቶ የላላውን ምስማር ያጥብቅ፥ የዛገውንና የተቀደደውን ቈርቈሮ ይለውጥ። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ እንደ ሆነ ይጠረግ፤ አሸንዳ ሲደፈን የጣራው ውሃ በግድግዳው ላይ ይወርዳልና። በቤቱ ዙሪያ ያለው ቦይ ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ የሚወስድ ይሁን። የጭቃ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ምርጊቱ የተሰነጠቀበት ሁሉ ይመረግ። አልጋ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ፍራሹ፥ አጎዛው፥ ቡልኮውና ብርድ ልብሱ ፀሐይ በወጣች ቀን ሁሉ ወደ ውጭ ወጥተው ይናፈሱ። በመኝታ ቤት በር ሥር ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ቢኖር በጨርቅ መከልከል ይቻላል፤ እሳት በሚነድበት ክፍል ግን የአየር መግቢያ ፈጽሞ አይደፈን። ይህ ሁሉ ከተደረገ ጥቂት እሳት ብዙ ያሞቃል።

ሁለተኛው ሥራ ማገዶን አስቀድሞ ማድረቅ ነው። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ እያለቀ ስለ ሄደ፥ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አወጣት። ይህ ዛፍ ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ማገዶ ነው። አዲስ የተቈረጠ እንጨት የክብደቱ እኩሌታ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በሚገባ የደረቀ ግን ከመቶው 20 ወይም ከዚያ ያነሰ ውሃ ብቻ ይቀርበታል። እርጥቡን የሚያነድ ሰው ከእሳቱ ኀይል ብዙውን ውሃ ለማፍላት ያወጣዋል፤ ትርፉም ጢስ ነው።

ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ለመፍለጥ ስለሚያስቸግር በእርጥቡ ይፈለጥ። ፍልጡም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይደርደር፤ ከላይ በቈርቈሮ ይከደን፥ ጐንና ጐኑ ግን ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት ይሁን። በጥቅምትና በኅዳር የተፈለጠ እንጨት በጋውን ሁሉ ነፋስና ፀሐይ አግኝቶ ለሰኔ ይደርሳል። በግንቦት ከገበያ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሻጩን ቃል ብቻ ከማመን ምልክቱን ይመልከት። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ የተሰነጣጠቀ፥ ሲያነሡት የሚቀል፥ ሁለቱን ቢያጋጩትም ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ የእርጥቡ ድምፅ ግን የታፈነ ነው። ቀለም የተቀባ ሳንቃና ላስቲክ በምድጃ አይነድ፤ ጢሳቸው መርዝ ነውና። እሳትም በላምባና በቤንዚን አይለኰስ፤ ለዚህ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ይበቃል።

ሦስተኛው ሥራ የጢስ መውጫውን መመርመር ነው። በአዲስ አበባ ቀድሞ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ በእንግዳ መቀበያው ክፍል የግንብ ምድጃ አላቸው። ምድጃው ወራቱን ሁሉ ሳይነድበት ሲቈይ በጢስ መውጫው ውስጥ ወፎች ጐጆ ይሠራሉ፥ ምርጊቱም እየረገፈ ይሞላዋል። ያለፈው ዓመት ጥላሸትና እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ እድፍ ደግሞ በውስጡ ይገኛል፤ ይህ እድፍ ሲበዛ ራሱ በእሳት ተያይዞ ጣራውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የጢስ መውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፥ እሳት ከመነደዱ በፊት፥ ከላይ እስከ ታች በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ስንጥቅ ያለበት ይደፈን፤ የኰርኒሱም ጣውላ ከመውጫው ጋራ ተጣብቆ አይቀመጥ። የመውጫው ጫፍ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው ከማናቸውም የጣራው ክፍል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ነፋሱ ጢሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ዝናብ እንዳይገባበትም ቆብ ይደረግለት።

መውጫው በሚገባ መሳቡን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ጧፍ ተለኵሶ በምድጃው አፍ ይያዝና እፍ ተብሎ ይጥፋ። ጢሱ ወደ ላይ ቢሳብ መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ ክፍሉ ቢመለስ ግን ወይ መንገዱ ተደፍኗል፥ ወይ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ተጭኗል። ጥቂት ወረቀት አንድዶ መውጫውን ካሞቁት በኋላ እንደ ገና ይሞከር፤ አሁንም ጢሱ ከተመለሰ፥ ተጠርጎ እስኪስተካከል ድረስ በዚያ ምድጃ እሳት አይነድ። ከምድጃው የሚጠረገው አመድ የጠፋ ቢመስልም በውስጡ ፍም ለቀናት ሊቈይ ይችላልና፥ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ከቤት ርቆ ይቀመጥ።

አዲስ ምድጃ የሚያሠራ ሰው ካውንት ራምፎርድ የተባለው ሊቅ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1796 ዓ.ም. የጻፈውን ምክር ለግንበኛው ቢነግረው ይጠቀማል። በዚያ ዘመን ምድጃዎች ጥልቆች፥ የጢስ ጕሮሯቸውም ሰፊ ስለ ነበረ አብዛኛው ሙቀት ከጢሱ ጋራ ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር። ራምፎርድ ግን ጥልቀቱ እንዲያንስ፥ የምድጃው ግራና ቀኝ ግድግዳ ወደ ክፍሉ ሰፋ እያለ እንዲወጣ፥ የጢሱም ጕሮሮ እንዲጠብ አደረገ። በዚህ ዓይነት የተሠራ ምድጃ ሙቀቱን ወደ ሰው ይመልሳል፥ ጢሱንም ፈጥኖ ያወጣል።

አራተኛው ሥራ ለከሰል ማንደጃ ሕግ ማውጣት ነው። ከሰል ከቤታችን ፈጽሞ ይውጣ ብንል የማይፈጸም ቃል እንናገራለን፤ በብዙ ቤት ቡናውም ወጡም በእርሱ ይሠራልና። የሚቻለው ስፍራውንና ሰዓቱን መወሰን ነው። ከሰል በውጭ ይቀጣጠል። ሰዎች ነቅተው ወደሚቀመጡበት ክፍል ቢገባ፥ በሁለት ወገን መስኮትና በር ተከፍቶ ነፋስ ከወዲያ ወዲህ ይለፍ፤ ቡናው እንደ ተጠጣም ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። መስኮት መክፈት አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ማንም ሰው በፍም አጠገብ አይተኛ። ወደ መኝታ ቤት ግን ፍሙ የቀላም ቢሆን፥ በአመድ የተዳፈነም ቢሆን፥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አይግባ። በፍሙ ላይ ዕጣን ቢጨመር ክፍሉን በመልካም ሽታ ይሞላዋል፥ መርዙን ግን አይነካውም። ላቀች የተባለው ምድጃና እርሱን የመሳሰሉት ከሰል ቈጣቢዎች ወጪ ይቀንሳሉ፤ ከዚህ ሕግ ግን ነጻ አይደሉም። በክረምት መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ስፍራው ከመስኮትና ከበር የራቀ ሜዳ ነው እንጂ በረንዳ ወይም ጋራዥ አይደለም።

ይህን ጋዝ ለይቶ የሚጮኽ አነስተኛ መሣሪያ ተሠርቷል። ሊያገኘው የቻለ ሰው በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይስቀለው፥ ባትሪውንም በየጊዜው ይመርምር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ዘብ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ እርሱ አለ ተብሎ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አይገባም።

አምስተኛው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ማሞቂያው በክፍሉ ውስጥ ጢስም ጋዝም ስለማያወጣ፥ ኤሌክትሪክ ላለው ቤት ከከሰል እጅግ ይሻላል። ነገር ግን 2,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በ220 ቮልት መስመር 9 አምፔር ያህል ይጠይቃል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ የተሰካ፥ ወይም ከእንጀራ ምጣድ ጋራ በአንድ መስመር የተጠመደ እንደ ሆነ ሽቦው ግሎ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስመሩን አስቀድሞ ይመርምር፤ ማሞቂያውም በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ። ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ፥ እርጥብ ልብስም በላዩ አይሰጣ።

ደግሞም በሌሊት የሚያስፈልገው ክፍሉን ሁሉ ማሞቅ ሳይሆን የተኛው ሰው እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ነው። ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ስለሚመጣ፥ ከፍራሹ ሥር አጎዛ ማንጠፍ በላይ ሁለት ብርድ ልብስ ከመደረብ የማያንስ ጥቅም አለው። ሙቅ ውሃ የተሞላበት የላስቲክ ከረጢት ክዳኑ ጠብቆ፥ በጨርቅም ተጠቅልሎ ከእግር በኩል ቢቀመጥ አልጋውን ለብዙ ሰዓት ያሞቀዋል። ማታ ትኩስ ነገር መብላትና ደረቅ ልብስ መልበስም ሌሊቱን ያቀላል። ከእነዚህ አንዱም ሰውን የሚያፍን አይደለም።

ይህን ሁሉ ካሰናዳን በኋላ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይቀራል፤ እርሱም በቤታችን ከሚኖሩት ሰዎች ወደ ፍም ተጠግተው የሚተኙት እነማን እንደ ሆኑ ማወቅ ነው።

አንደኛዋ አራስ ናት። ብርድ እንዳያገኛት ተብሎ በሩና መስኮቱ ይዘጋል፥ መጋረጃ ይጋረዳል፥ ማንደጃም ይገባል፤ ገንፎውም ቡናውም በዚያው ይሰናዳል። በፍቅር የሚደረገው ይህ ነገር እናቲቱንና ሕፃኑን በአንድነት ሊያጠፋቸው ይችላል። ማንደጃው ይውጣ ቢባል አያቶችና ጠያቂዎች ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ልማዱ ጢስ በሚያሳልፍ ጐጆ የኖረ መሆኑን፥ ቤቱም እንደ ተለወጠ በትሕትና ማስረዳት የቤቱ ባለቤት ፈንታ ነው። ገንፎውና ቡናው በማድ ቤት ተሠርቶ ይምጣላት፤ አጥሚቱ፥ ደረቁ አልጋና ወፍራሙ ቡልኮ ለአራስ የሚበቃ ሙቀት ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ዘበኛው ነው። የቤቱ ጌታ በግንብ ምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ ሲሞቅ፥ ዘበኛው ከግቢው በር አጠገብ በቈርቈሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ክረምቱን ያሳልፋል። ብርዱ ሲጠናበት ከማድ ቤት የተረፈውን ፍም በጣሳ ተቀብሎ ይገባና በሩን ይዘጋል። ክፍሊቱ ጠባብ በሆነች መጠን ጋዙ ፈጥኖ ይሞላታል። በማድ ቤት የምትተኛዋ የቤት ሠራተኛም እንዲሁ ናት፤ ያልጠፋው ምድጃ ከራስጌዋ ነው። እነዚህ ሰዎች «ከሰል አታስገቡ» በማለት ብቻ አይጠበቁም። ከሰል የተከለከለ ሰው በምትኩ ሌላ ሙቀት ሊሰጠው ይገባል። ለዘበኛው የማያፈስ ክዳን፥ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ፥ ወፍራም ካፖርትና ቡልኮ፥ በፔርሙስም ትኩስ ሻይ ቢሰናዳለት ትእዛዙ ይፈጸማል። ለሠራተኛይቱም እሳት ከሚያድርበት ስፍራ የተለየ መኝታ ይሰጣት። ይህ ካልሆነ ትእዛዙ ቀን በጌታው ፊት የሚከበር፥ ሌሊት ግን ብርዱ የሚሽረው ይሆናል።

ምናልባት አደጋ ቢደርስ ምልክቱንና ርዳታውን የቤተ ሰቡ አባል ሁሉ ሊያውቅ ይገባል። እሳት በነደደበት ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ወደ ውጭ ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ጕንፋን ነው ተብሎ አይታለፍ። ፈጥኖ በሩና መስኮቱ ይከፈት፤ ሰው ሁሉ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ለማውጣት የሚገባውም ሰው በዚያ ክፍል አይቈይ፤ የሚረዳ ሰው ራሱ ታፍኖ ይወድቃልና። ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሽ ካለው በጐኑ ይተኛ። ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አይፍሰስ፤ ወተት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም፥ ራሱን በሳተ ሰው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ግን ሊያንቀው ይችላል። ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በተራ አየር በደም ውስጥ ካለው ጋዝ እኩሌታው እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክሲጅን ሲተነፍስ ግን ይህ ጊዜ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። የተሻለው የመሰለው ሰውም ቢሆን ይታይ፤ የመርሳትና የአእምሮ መታወክ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ነገር በቀጥታ የተነገረ ይመስላል። ከላይ የተጻፈው መሰናዶ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጊዜውን ማወቅ ነው። በግንቦት ወር ከማታዎቹ በአንዱ የቤቱ ባለቤትና እመቤት መብራት ይዘው ከእንግዳ መቀበያው ጀምረው እስከ ማድ ቤትና እስከ ዘበኛው ክፍል ድረስ ቤታቸውን ይዙሩ። እሳት በሚነድበት ስፍራ ሁሉ ቆመው ሁለት ነገር ይጠይቁ። የዚህ እሳት ጢስ በየት በኩል ይወጣል? በዚህስ ስፍራ ሌሊት የሚተኛው ማን ነው? ለሁለቱም ጥያቄ የሚገባውን መልስ ያላገኙበት ስፍራ ቢኖር፥ ዝናቡ ሳይጥል ሥራቸውን ከዚያ ይጀምሩ።